«ዝናብ ያዘኝ»፤ ለመሆኑ የያዘን ዝናብ ነው?

በአማርኛ ማንም የማይሟገተው አንድ የመቅረት ምክንያት አለ። ሰው ከቀጠሮው ሲቀር፣ ከሥራው ሲያረፍድ፣ ለቅሶ ሳይደርስ ሲቀር «ዝናብ ያዘኝ» ይላል፤ አድማጩም ራሱን ነቅንቆ ይቀበለዋል። ታክሲ አጣሁ ያለ ሰው «ለምን በጊዜ አልወጣህም?» ይባላል። እንቅልፍ ጣለኝ ያለ ይወቀሳል። ዝናብ ያዘኝ ያለውን ግን የሚወቅሰው የለም፤ ዝናብ የእግዜር ነውና።

ዓረፍተ ነገሩን እንደ ሰዋስው መምህር ፈታ አድርገን እንየው። ባለቤቱ ዝናብ ነው፤ ተያዡ እኔ ነኝ። በመካከላችን ሌላ ማንም የለም። ማዘጋጃ ቤት የለበትም፤ የተደፈነ ቱቦ የለበትም፤ በሰኔ ተቆፍሮ በነሐሴ ያልተከደነ ቦይ የለበትም፤ «ጉዳዩ የእኛ አይደለም» ያለ ቢሮ የለበትም። ለሚያስተዳድሩን ሰዎች ከዚህ የበለጠ የተመቸ ዓረፍተ ነገር በቋንቋችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ያውም እኛው ራሳችን፣ ማንም ሳያስገድደን፣ በየዓመቱ ከሰኔ እስከ መስከረም የምንደጋግመው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ዝናብ መዝነቡ የተፈጥሮ ሥራ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ በዝናብ ምክንያት በገዛ ቤቱ እስረኛ ሆኖ መዋሉ ግን የሰው ሥራ ነው፤ የውሳኔ፣ ወይም ውሳኔ የማጣት ውጤት። የእስሩም ዋጋ ለሁላችን እኩል አይደርሰንም። ደመወዝተኛው አንድ ቀን ያርፍበታል፤ የዕለት ጉርሱን በየዕለቱ የሚፈልገው ሰው ደግሞ ጾሙን ያድርበታል።

ክረምት እንግዳ አይደለም

በየዓመቱ ጎርፍ አንድ ሰፈር በገባ ቁጥር በዜናው የምንሰማው የመጀመሪያ ቃል «ድንገተኛ» የሚል ነው፤ ድንገተኛ ጎርፍ፣ ድንገተኛ ዝናብ፣ ድንገተኛ አደጋ። እስቲ በዚህ አገር ከክረምት ያነሰ ድንገተኛ ነገር ማን ያሳየኛል?

ቋንቋችን ራሱ ምስክር ነው። ተለያይተን ስንገናኝ «እንዴት ከረማችሁ?» እንባባላለን። «ከረመ» የሚለው ግስ እና «ክረምት» የሚለው ስም ግንዳቸው አንድ ነው። ወንዝ ሞልቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ዘመድ ከዘመድ ሳይጠያየቅ ክረምቱን ያሳለፈ ሕዝብ ቋንቋ ነው የምንናገረው። የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ብሎ በቀን ቆርጦታል። ጎንደር የጸና መናገሻ ከመሆንዋ በፊት ነገሥታቱ ድንኳናቸውን ይዘው አገር ላገር ሲዘዋወሩ ኖረዋል፤ ክረምት ሲገባ ግን ሠራዊቱ አንድ ቦታ ይከትማል፤ ወንዞቹ እስኪጎድሉ ይከርማል። ገበሬው ክረምት ከመግባቱ በፊት ቤቱን ይከድናል፤ ማገዶውን ያስገባል፤ በቤቱ ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ ይቆፍራል። እነዚያ ሰዎች ዝናብ እንደሚይዛቸው ያውቁ ነበር፤ ስለሚያውቁም ተዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር።

ዛሬ የምናውቀው ከእነርሱ በላይ ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የክረምቱን የአየር ትንበያ በግንቦት ወር ያወጣሉ። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ግማሽ ያህሉ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ እንደሚወርድ የማያውቅ የከተማ መሐንዲስ የለም። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ ድረስ ከተማዋ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳለች። ከላይ የዘነበው ሁሉ ታች እንደሚደርስ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ልጆች በቦይ ውስጥ የወረቀት ጀልባ ሲሰዱ የሚያውቁት ነገር ነው።

ስለዚህ «ድንገተኛ» የሚለው ቃል ስለ ዝናቡ የሚነግረን የለም። የሚነግረን ስለ ተናጋሪው ነው፤ አልተዘጋጀሁም ለማለት ያፈረ ሰው ድንገት ደረሰብኝ ይላል። የቃሉ ዋጋ ደግሞ በሰው ሕይወት ተከፍሏል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ250 በላይ ሰዎችን ሲፈጅ ብዙዎቹ በእንቅልፍ ላይ ነበሩ። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የጣለ ዝናብ ባስከተለው ጎርፍ ቢያንስ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም የሆኑት በክረምቱ እምብርት፣ ዝናብ በሚጠበቅባቸው ሳምንታት ውስጥ ነው።

ክረምት የሚዘጋው ለማን ነው?

«መንግሥት ክረምትን ዘንግቶታል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ በዚህ አልስማማም። መንግሥት ክረምትን አሳምሮ ያውቀዋል። ለራሱ!

ማስረጃ ከተፈለገ ሕገ መንግሥቱን መግለጥ ይበቃል። አንቀጽ 58 የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን እንደሚያበቃ ይደነግጋል። ማለትም የሕዝብ ተወካዮች ዝናቡ ሲጠና ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ደመራ በሚበራበት ሰሞን ይመለሳሉ። ፍርድ ቤቶቻችንም ከነሐሴ መባቻ ጀምሮ እስከ መስከረም መገባደጃ ለእረፍት ይዘጋሉ፤ አስቸኳይ ጉዳይ በተረኛ ችሎት ይታያል። ልደታ ያለው ፍርድ ቤት ደጅ በጥቅምት የሚርመሰመሰውን ባለጉዳይ በነሐሴ ፈልጋችሁ አታገኙትም። ትምህርት ቤቶችም ክረምትን ጠብቀው ይዘጋሉ፤ ልጆች በሙላት ዘመን ወንዝ እንዳይሻገሩ ያደረገ መልካም ሥርዓት ነው።

ይህን የምለው እረፍቱን ለመንቀፍ አይደለም። የአገሩን የአየር ጠባይ ያወቀ ሥርዓት ብልህ ሥርዓት ነው። የምጠይቀው ይህ ብልኅነት ለምን ከአስፋልቱ ዳር እንደሚቆም ነው። ሕግ አውጪው ክረምት አለው፤ ዳኛው ክረምት አለው፤ ተማሪው ክረምት አለው። በመርካቶ ሸክም ተሸክሞ የሚያድረው ወጣት፣ ጉሊት የምትቸረችረው እናት፣ በግንባታ ቦታ ሲሚንቶ የሚያቦካው የቀን ሠራተኛ ግን ክረምት የላቸውም። እነርሱ ያላቸው ዝናብ ብቻ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ መሆኑን ደንግጎ፣ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ተገኝቶ በእርሱ ባልሆነ ምክንያት ሥራ ሳይሠራ የቀረን ሠራተኛ ግን ደመወዙ እንዳይቀርበት ያደርጋል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ቆሞ የሚመረጥ የቀን ሠራተኛ «ዝግጁ ነበርሁ» ብሎ የሚከሰው አሠሪ ማን ነው? የጉሊት ነጋዴዋስ አሠሪዋ ማን ነው? ሕጉ የተጻፈው ስሙ በደመወዝ መክፈያ ላይ ለሰፈረ ሰው ነው።

የአብነት አብነት

የሰፈሬ ስም አብነት ነው። አብነት ማለት ምሳሌ፣ ናሙና ማለት መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እንግዲያው ስሙን እንጠቀምበትና ስለ መላው ከተማ በአብነት እንነጋገር።

አብነት ከመርካቶና ከተክለሃይማኖት በታች፣ ወደ ኮካ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ የልደታ ክፍለ ከተማ ሰፈር ነው። ከዋናው አስፋልት ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ውስጥ ብትገቡ መንገዱ ሁለት ሰው የማያሳልፍ መተላለፊያ ይሆናል። ቤቶቹ በአብዛኛው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት እጅ የገቡ፣ እስከ ዛሬ «የቀበሌ ቤት» ተብለው የሚጠሩ የጭቃ ቤቶች ናቸው። ተከራዩ ያለ ወረዳው ፈቃድ ጣሪያ መለወጥ፣ ግድግዳ መደገፍ አይችልም። ፈቃድ ሲጠይቅ ደግሞ «ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ሊነሳ ስለሆነ» ይባላል። ጎረቤታችን ልደታ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት አይተናል፤ «ቀጣዩ የእናንተ ነው» እየተባልን ዓመታት ነጎዱ። ሊፈርስ ነው የተባለ ሰፈር ቱቦ አይቀበርለትም፤ ድንጋይ አይነጠፍለትም። ሳይፈርስም ሳይሠራም ይኖራል።

ባለፈው ክረምት፣ በአንድ የነሐሴ ሌሊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የጀመረው ዝናብ እስከ ረፋድ አላባራም። በሰኔ ወር አንድ መሥሪያ ቤት ለመስመር ዝርጋታ ብሎ የመንደራችንን መውጫ ከዳር እስከ ዳር ቆፍሮ፣ ሁለት ጣውላ ጋድሞልን ሄዶ ነበር። ሐምሌን ሙሉ በጣውላው ላይ እየተወዛወዝን ተሻገርን። በዚያች ሌሊት ጎርፉ ጣውላውን ወሰደው፤ ቦዩ ወንዝ ሆነ፤ ከታች ያለው ቱቦ ስለተደፈነ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ መተላለፊያውን ሞላው። መብራት ጠፋ። ከሠላሳ የማናንስ አባወራዎች አንድ ቀን ተኩል ከመንደሩ ሳንወጣ ቆየን። ቦዩን የቆፈረው መሥሪያ ቤት ሲጠየቅ መክደን የሌላ ቢሮ ሥራ እንደሆነ ተናገረ፤ ሌላው ቢሮ ደግሞ ወደ ቆፋሪው መለሰን።

እኔ በዚያ ቀን የደረሰብኝን ጉዳት ብቆጥር እምብዛም አይደለም። ወደ መሥሪያ ቤቴ ደውዬ ያንኑ የታወቀ ዓረፍተ ነገር ተናገርሁ፤ «አይዞህ፣ ቤትህ ሁን» ተባልሁ፤ ደመወዜም በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ገባ። በር ለበር የምንዋሰነው እትዬ ግን ሽንኩርትና ቲማቲም ቸርቻሪ ናቸው። ሸቀጡን ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ አንስተው፣ ማታ ሸጠው፣ ጠዋት ዕዳቸውን ከፍለው ሌላ ያነሳሉ። ትርፋቸው ራታቸው ነው። በር ላይ ቆመው ውኃውን ሲመለከቱ አግኝቻቸው፣ ነገር ለማቅለል ያህል «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ እረፍት አገኙ» አልኋቸው።

«ማን አረፈ ልጄ?» አሉኝ። «ዕዳው አላረፈ፤ ቲማቲሙም አላረፈ፤ እየበሰበሰ ነው።»

ከእርሳቸው ማዶ ያለው ወጣት በመርካቶ ሸክም ይሠራል። ያን ዕለት ማለዳ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቦዩን ለመሻገር ሲሞክር የመንደሩ ሰው ጎትቶ መለሰው። ተቆጣ። «ልጆቹ ምን ይበሉ?» የሚል ነበር ጥያቄው። መልስ የሰጠው መንግሥት ሳይሆን የሰፈሩ ዕድር ነው፤ ከመጋዘኑ ድስት ወጣ፤ እያንዳንዱ ቤት ያለውን አዋጣ፤ ለልጆች ንፍሮ ተቀቀለ። በማግስቱ የዕድሩ ወጣቶች ከድንኳኑ ምሰሶዎች ሦስቱን አጋድመው ድልድይ ሠሩልን። ለለቅሶ የተገዛ ንብረት ነው!

ይህ ታሪክ ለየት ያለ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ኮልፌ ብትኖር፣ ቄራ ብትኖር፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር ብትኖር የራስህ መንደር ታሪክ ነው።

የሰኔ ቁፋሮ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መንገዶቻችን ለምን ሁልጊዜ በሰኔ ይቆፈራሉ? የሰፈር ሽማግሌዎች እንደሚሉት ቆፋሪዎቹ ዝናብ ስለሚወዱ አይደለም። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። እስከዚያች ቀን ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል፤ ገንዘቡ የተመለሰበት መሥሪያ ቤት ደግሞ «አፈጻጸሙ ዝቅተኛ» ተብሎ ይገመገማል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በጨረታ፣ በስብሰባና በደብዳቤ ሲጓተት የከረመ ሥራ ሁሉ ግንቦትና ሰኔ ላይ ተጨናንቆ ይወርዳል። ቁፋሮ ገንዘብ ወጪ መደረጉን ለማሳየት ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ጉድጓዱ በዓይን ይታያል፤ ክፍያውም ይፈጸማል።

ከዚያ ሐምሌ 1 ይመጣል። አሮጌው በጀት ተዘግቷል፤ አዲሱ ገና መደልደሉ ነው። ግዢ አይፈጸምም፤ ጨረታ አይወጣም። ዝናቡም ሥራ አያሠራም። ጉድጓዱ ግን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የከተማዋ ቱቦዎች አብዝተው በሚፈለጉባቸው በእነዚያ ስምንት ሳምንታት ውስጥ፣ የከተማዋ ካዝናም የከተማዋም ምክር ቤት በር ገርበብ ያለ ነው።

ይህን ያወጀው ሰማይ አይደለም። የበጀት ዓመትን የወሰነው ሰው ነው፤ አፈጻጸምን በወጪ መጠን የሚለካው ሰው ነው፤ ቱቦ ጠረጋን ከጥር ወደ ሰኔ የሚገፋው ሰው ነው። በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ ነገር በሌላ ሰው እጅ ሊታረም ይችላል። ዝናብን ግን ማረም አይቻልም። ጥፋተኛውን ዝናብ ማድረግ የሚወደደውም ለዚህ ነው፤ ዝናብ አይገመገምም፣ አይባረርም፣ መልስም አይሰጥም።

በረዶ ያገተው ከተማ

አሁን ደግሞ ብዙ ወገኖቻችን ወደሚኖሩበት ወደ ዋሽንግተን ልውሰዳችሁ፤ እዚያም ሰማይ ሰውን ከቤት ያግታልና። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2010 መጀመሪያ የወረደው በረዶ፣ የአዲስ አበባ መንገደኞች በሚያርፉበት በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ተቆልሎ ነበር። የፌደራል መንግሥቱ መሥሪያ ቤቶች በተከታዩ ሳምንት አራት ቀን ተዘጉ።

የማነሳው ሀብታቸውን ለማድነቅ አይደለም። ትኩረቴን የሳበው ሌላ ነው፤ እዚያ «መሥሪያ ቤት ተዘግቷል» የሚል ስልጣን ያለው የታወቀ አካል አለ፤ ቃሉንም ማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ያሰማል። የቤት ባለቤት በደጃፉ ያለውን የእግረኛ መንገድ፣ በረዶው ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ስምንት የብርሃን ሰዓታት ውስጥ እንዲጠርግ የከተማዋ ሕግ ያስገድደዋል። ማለትም በረዶው የእግዜር ሲሆን፣ ከበረዶው በኋላ ያለው እያንዳንዱ እርምጃ ባለቤት አለው።

ፍትሕ በዚያም ሙሉ አይደለም። መሥሪያ ቤት ሲዘጋ የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዙን ያገኛል፤ ታክሲ የሚነዳውና በመኪና ማቆሚያ በሰዓት የሚከፈለው ሰው፣ ብዙ ጊዜም የእኛው ወገን፣ ምንም አያገኝም። በዚህ ረገድ አብነትና ዋሽንግተን ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ እዚያ የቀረ ሰው ማንን እንደሚወቅስ ማወቁ ነው።

«ደሃ አገር ነን» እና ሌሎች መልሶች

የሚቀርቡልኝን መልሶች አስቀድሜ አውቃቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «ደሃ አገር ነን» የሚለው ነው። ነን። ነገር ግን የቱቦ አፍ በሚያዝያ ለመጥረግና በሰኔ ለመጥረግ የሚያስፈልገው አካፋ አንድ ነው። የተቆፈረን ከክረምት በፊት መክደን ሁለት ጊዜ ከመቆፈር ይረክሳል። ቀን መምረጥ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

ሁለተኛው «ሕዝቡ ራሱ ቆሻሻ እየጣለ ነው ቱቦውን የሚደፍነው» የሚለው ነው። ይህ እውነት አለበት፤ ለእናንተ ለተማራችሁት አንባቢዎቼም ይመለከታል። ፌስታሉ፣ የውኃ ፕላስቲኩ፣ የጫት ገረባው ከሰማይ አልወረደም። ግቢያችንን በሙሉ በሲሚንቶ ለብጠን፣ የጣሪያችንን አሸንዳ ወደ ድሃው መተላለፊያ አዙረን «ጎርፉ በዛ» የምንል ብዙዎች ነን። ያም ሆኖ ሕግ የወጣው ዛሬ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። ፌስታሉ በየሱቁ በነጻ ሲታደል ኖረ፤ በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጸደቀ። በሁለቱ አዋጆች መካከል 18 ክረምት አለ። ሕግ አውጥቶ ለ18 ክረምት ያላስከበረ አካል ጣቱን በነዋሪው ላይ ብቻ ሲቀስር አያምርበትም።

ሦስተኛው «የኮሪደር ልማቱን አላየህም እንዴ?» የሚለው ነው። አይቻለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፍተዋል፤ የእግረኛ መንገዱ አምሯል፤ መብራቱ ያበራል። በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ በዝናብ መሄድ ከቀድሞው የተሻለ መሆኑን አልክድም። ጥያቄዬ ከጎዳናው ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ውስጥ ስላለው ሰው ነው። ሰው የሚያድረው በጎዳናው ላይ አይደለም። ከቤቱ ወደዚያ ያማረ ጎዳና መድረስ ካልቻለ ጎዳናው ለእርሱ ሥዕል ነው።

ምን ይደረግ?

ወቅሶ መሄድ ቀላል ስለሆነ፣ ከወቀሳው ጋር አራት ነገሮችን አኖራለሁ። አንዳቸውም አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የቱቦና የቦይ ጠረጋ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይጠናቀቅ፤ የተጠረጉትና ያልተጠረጉት ዝርዝር በየወረዳው በር ላይ ይለጠፍ። ነዋሪ አንብቦ «የእኛ መንደር አልተጠረገም» ማለት ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከግንቦት 30 በኋላ ለአስቸኳይ ብልሽት ካልሆነ በቀር የመንደር መተላለፊያ አይቆፈር። ከዚያ በፊት የተቆፈረውም የቆፈረው መሥሪያ ቤት ከድኖት እስኪሄድ ክፍያ አይፈጸም። በጀት ላይ ጫና የሚያደርገው ሰኔ 30 ነው ካልን፣ ከሰኔ 30 የሚቀድም ሌላ ቀን እናብጅለት።

ሦስተኛ፣ የዝናብ ቀን የሚያውጅ አካል ይታወቅ። ከተማዋ የእሳትና የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን አላት፤ ክረምት ሲገባም የጥንቃቄ መልእክት ያስተላልፋል። «ተጠንቀቁ» ማለት ግን ለዜጋው የቤት ሥራ መስጠት ነው። የምንሻው መንግሥትን የሚያስገድድ ቃል ነው፤ በእነዚህ ወረዳዎች ዛሬ ሰው መውጣት አይችልም፣ ስለዚህ ይህና ይህ ይደረጋል የሚል።

አራተኛ፣ «ይህና ይህ» ውስጥ የዕለት ገቢ ይግባበት። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባን ጨምሮ በከተሞች የተዘረጋ የሴፍቲኔት ፕሮግራም አለ፤ ድሃ ቤተሰቦች የአካባቢ ሥራ እየሠሩ ክፍያ ያገኙበታል። ይኸው መዋቅር ሁለት ነገር ሊሠራ ይችላል፤ በሚያዝያና በግንቦት የመንደሩን ሰው በደመወዝ ቦይ ያስጠርጋል፤ በነሐሴ መንደሩ ሲታገት ደግሞ ለታገተው የዕለት ሠራተኛ የጠፋውን ቀን ይክሳል። የምክር ቤት አባል በክረምት ደመወዙ አይቋረጥም። የተሸካሚው ልጆች የሁለት ቀን ዳቦ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ሆኖ ሊታየን አይገባም።

እስከዚያው ድረስ ከእኛ የሚጠበቅ አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ አነጋገራችንን ማስተካከል። በሚቀጥለው ክረምት ከቀጠሮ ስንቀር «ዝናብ ያዘኝ» አንበል። «የተቆፈረው ቦይ ሳይከደን ቀርቶ ያዘኝ» እንበል። «ከግንቦት ጀምሮ ሳይጠረግ የከረመው ቱቦ ያዘኝ» እንበል። ረዘም ይላል፤ አፍ አይሞላም። ነገር ግን ባለቤቱ ትክክለኛ ነው፤ ትክክለኛ ባለቤት ያለው ዓረፍተ ነገርም ተጠያቂ አለው። ይህን ቃል በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየስልኩ፣ በየቀበሌው ስብሰባ የሚደጋግም ሕዝብ ፊት «ድንገተኛ» ብሎ መግለጫ መስጠት እንደ ዛሬው ቀላል አይሆንም።

በደህና የምንከርምበት ክረምት ያድርግልን። ቸር ይግጠመን!